ሰንጠረዥ ያጣው ሰንጠረዥ

በዛሬው የአማርኛ አጻጻፍ «ሰንጠረዥ» የሚለው ቃል ሲነሣ በአንባቢ ዐይነ ልቡና የሚመጣው በመስመርና በዓምድ የተከፋፈለ የአኃዝ ማስፈሪያ፣ በተለይም በስፖርት ገጾች ላይ የቡድኖችን ነጥብ ከላይ ወደ ታች የሚደረድረው የደረጃ ሰንጠረዥ ሲሆን፣ ቃሉ ይህን ትርጉም ከመያዙ በፊት በኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት ቤት ለብዙ ዘመን ይዘወተር የነበረ፣ ከዛሬው ቼዝ ጋር አንድ ዘር የሆነ ጨዋታ ስም እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። የቃሉ ዕጣ ከጨዋታው ዕጣ ጋር የማይነጣጠል ነው፤ ምክንያቱም የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ብልሆችን ሳያፈራ የቀረ ጨዋታ ሳይሆን፣ ያፈራቸውን ብልሆች ስም በተራ የሚያሰፍር መዝገብ፣ ማለትም በዛሬው ትርጉሙ «ሰንጠረዥ»፣ ያልነበረው ጨዋታ ነው። አንድ ባለ ተሰጥኦ ልጅ ከሰፈር ጨዋታ ተነሥቶ የዓለም ሻምፒዮን እስከ መሆን የሚወጣበት መሰላል የሚሠራው ከዚህ መዝገብ ሲሆን፣ በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ዛሬ በካርቶን ላይ ዳማ የሚጫወት ልጅም የሚገኘው በዚሁ ታሪክ ጫፍ ላይ ነው። (በዚህ ድርሰት የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጨዋታው ስም ረጅም መንገድ የተጓዘ ነው። በጥንታዊቷ ህንድ በሳንስክሪት «ቻቱራንጋ» ይባል የነበረው ይህ ጨዋታ ስሙን ያገኘው ከአራቱ የሠራዊት ክፍሎች፣ ማለትም ከእግረኛው፣ ከፈረሰኛው፣ ከዝሆኑና ከሠረገላው ሲሆን፣ ወደ ፋርስ ሲሻገር «ቻትራንግ»፣ ዐረቦች ሲወርሱት «ሻትራንጅ»፣ ኢትዮጵያ ሲደርስ ደግሞ «ሰንጠረዥ» ተባለ። ጠጠሮቹም የመጡበትን መንገድ ምልክት ይዘው ቀርተዋል፤ «ፊል» በዐረብኛ ዝሆን ማለት ሲሆን፣ «ፈርዝ» ከፋርስ የመጣ የንጉሥ አማካሪ ማዕረግ ነው፣ «ንጉሥ» እና «ፈረስ» ግን የአገሩን ስም ለብሰዋል።

የመጫወቻው ገበታ እንደ ቼዝ 64 ቤት ያለው ቢሆንም ቤቶቹ ነጭና ጥቁር እየተባሉ አይፈራረቁም ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ይዘረጋና በላዩ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ እየተሰፋ ቤቶቹ ይለያሉ። በዚህ ጨርቅ ላይ ንጉሡ ከተጫዋቹ አንጻር ከመካከለኛው መስመር በስተቀኝ፣ ፈርዙ በስተግራው ይቆማሉ፣ በዚህም የተነሣ ሁለቱ ነገሥታት እንደ ቼዝ ፊት ለፊት አይተያዩም፣ እያንዳንዱ ንጉሥ የሚያየው የባላጋራውን ፈርዝ ነው። ፈርዝ በዛሬው ቼዝ የንግሥቲቱን ቦታ ይያዝ እንጂ ጉልበቱ የሚያሳዝን ነው፤ የሚሄደው አንድ ቤት በጥግ በኩል ብቻ ነው። ፊል ደግሞ በጥግ በኩል ሁለት ቤት ይዘላል፣ መካከል ላይ የቆመ ጠጠር አያግደውም። «ደር» የሚባለው በቀጥታ መስመር እንደ ልቡ የሚሄድ በመሆኑ በገበታው ላይ ከሁሉ የበረታ ሲሆን፣ «መደቅ» የተባለው እግረኛ አንድ አንድ ቤት ብቻ ወደ ፊት ይራመዳል፣ በመጀመሪያ እርምጃውም ቢሆን ሁለት ቤት የመሄድ መብት የለውም። ኃይለኛ ጠጠር በጥቂቱ፣ ደካማ ጠጠር በብዛት የሚገኝበት እንዲህ ያለ ጨዋታ ፈጥኖ አይፈርስም፤ ትዕግሥትን፣ ቀስ ብሎ መክበብንና የባላጋራን ሐሳብ ከሩቅ ማየትን ይጠይቃል።

የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ ከህንዱም፣ ከፋርሱም፣ ከዐረቡም የሚለየው ግን የአጀማመሩ ሥርዓት ነው። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱ ተጫዋቾች በአንድነት፣ እያንዳንዱ በፈቀደው ፍጥነት፣ የፈለገውን ያህል እርምጃ እየተራመደ ሠራዊቱን ያሰልፋል፣ ይህም ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር እስኪማርክ ድረስ ይቀጥላል፣ ምርኮ ከተደረገ በኋላ ብቻ እንደ ሌላው ዓለም በየተራ መጫወት ይጀመራል። በሰንጠረዥ ላይ የጻፉ የውጭ አገር ሰዎች ይህን ክፍል እንደ እንግዳ ልማድ ቢመለከቱትም፣ በጥሞና ሲታይ ከሁሉ የረቀቀው ሙያ ያለው እዚሁ ውስጥ ነው፤ ተጫዋቹ አንድ ዐይኑን በራሱ ሰልፍ፣ ሌላውን በባላጋራው እጅ ላይ አድርጎ፣ ያ ፊሉን ወደ ግራ ሲያወጣ ይህ መደቁን ዘግቶ፣ ያ ሐሳቡን ሲለውጥ ይህም አብሮ እየለወጠ፣ የመጀመሪያው ምት በማን እጅና በየትኛው ቤት ላይ እንደሚያርፍ ማስላት ነበረበት። የዘመቻን ክተት የሚያውቅ መኳንንት ይህን ሥርዓት ለጨዋታው መስጠቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

አሸናፊነትም ሁሉ በአንድ ዐይን አይታይም ነበር። በዛሬው ቼዝ የባላጋራን ንጉሥ መውጫ አሳጥቶ ማፈን፣ ማለትም ቼክሜት፣ በየትኛውም ጠጠር ቢደረግ ዋጋው አንድ ነጥብ ሲሆን፣ በሰንጠረዥ ግን በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን ማፈን እንደ ጨዋ አሸናፊነት አይቆጠርም ነበር፤ በደካማው ፈርዝ ወይም በፊል የተደረገው ይበልጥ ይከበራል፣ ደካማ ጠጠሮችን አስተባብሮ ያፈነ ሰው ደግሞ ይወደሳል። ሠራዊቱ ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ሊታፈን አይችልም፤ ስለዚህ ድል የሚሻ ተጫዋች የባላጋራውን ጠጠሮች እንደ ልቡ መፍጀት አይፈቀድለትም፣ ንጉሡን ብቻውን የማያስቀር ኃይል ትቶለት ማሸነፍ ነበረበት። ይህ ደንብ የሰንጠረዥን መንፈስ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይገልጸዋል። የሚለካው ውጤቱ ሳይሆን የውጤቱ ውበት ነበር፣ ውበት ደግሞ በተመልካች አድናቆት እንጂ በአኃዝ አይመዘንም።

ጨዋታው በቤተ መንግሥት እንደነበረ ከሚመሰክሩት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ከ1508 እስከ 1540 የነገሡትን ዐፄ ልብነ ድንግልን የሚመለከት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቢቺኒ ከተባለ በግቢያቸው ይኖር ከነበረ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይህን ጨዋታ ይጫወቱ እንደነበር በዚያው ዘመን ከነበሩ የጣሊያን መዛግብት ተገኝቷል። ዘመኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በስፔንና በጣሊያን የጨዋታው ደንብ ተለውጦ፣ አንድ ቤት ብቻ ይራመድ የነበረው ፈርዝ በየአቅጣጫው እንደ ልቧ የምትሄድ ንግሥት ሆኗል፣ ሁለት ቤት ይዘል የነበረው ፊልም ጥጉን ይዞ ገበታውን የሚያቋርጥ ኃይለኛ ጠጠር ሆኗል። እንግዲህ ሰዓሊው የመጣው ጨዋታው አዲስ መልክ ከያዘበት አገር ሲሆን፣ የተቀመጠው ደግሞ የጥንቱ ደንብ ከተጠበቀበት ቤት ነው፤ የሁለቱ ሰዎች ጨዋታ የተደረገው መንገዱ ለሁለት በተከፈለበት በዚያው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ አውሮፓ በአዲሱ ደንብ ሲሄድ ኢትዮጵያ የቀደመውን ይዛ ከ400 ዓመት በላይ ቆየች።

ሰንጠረዥ እንዴት ይጫወቱት እንደነበረ ከሁሉ ይልቅ በቅርብ የሚያሳየው በ1805 ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የጻፈው ነው። ሶልት በእንደርታ የራስ ወልደ ሥላሴ እንግዳ ሆኖ ሳለ እሳቸው ከመኳንንታቸው ጋር ሲጫወቱ ተመልክቷል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ያልተለሰለሱ ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲማርክ በቀስታ አያነሣውም፣ የራሱን ጠጠር ይዞ በኃይል መትቶ ከቦታው ያባርረዋል። ጨዋታው በታላቅ ጫጫታ የታጀበ ነበር፤ በዙሪያው የቆመ ሁሉ፣ አገልጋይ እንኳ ሳይቀር፣ ሐሳብ ይሰጣል፣ የተሻለ መስሎ የታየውን እርምጃ ለማሳየትም እጁን ዘርግቶ ጠጠሩን ያነሣል። ሶልት በመጨረሻ የጻፈው ነገር ግን ለዚህ ድርሰት ከሁሉ የሚበልጥ ነው፤ መኳንንቱ በታላቅ ብልሃት፣ ምንም ሳያስታውቁ፣ ጨዋታው ሁሉ በራስ ወልደ ሥላሴ አሸናፊነት እንዲያልቅ ያደርጉ ነበር።

ይህ ትዝብት ብዙ ጊዜ ለፈገግታ ብቻ ይነበባል፣ ሆኖም ከበሬታ ያለው ንባብ ይገባዋል። የበላይን ለማስደሰት በብልሃት መሸነፍ ከማሸነፍ የበለጠ ችሎታ ይጠይቃል፤ ንጉሡ መውጫ የሚያጣበትን ቤት ከሩቅ አይቶ፣ ያን ሳያስነቃ አልፎ፣ ራስን ቀስ በቀስ ወደ ሽንፈት መምራት የሚችለው ገበታውን ከባላጋራው አብልጦ የሚያነብ ሰው ነው። በዚያ አዳራሽ ከሁሉ የሚበልጠው ተጫዋች ምናልባትም ሁልጊዜ የሚሸነፈው ነበረ። እንዲህ ያለ ችሎታ ደግሞ በባሕርይው ስም አይተርፍለትም፤ ሙያው የተሳካለት ሰው ማንነቱ ሳይታወቅ የቀረ ሰው ነውና።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረውና በ1860 የሞተው ዋልተር ፕላውደን በ1868 በታተመው መጽሐፉ ሰንጠረዥን ገልጿል። በ1913 በወጣው ታላቁ የቼዝ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ እንግሊዛዊው ሊቅ ሃሮልድ መሪ እንዲህ ያሉ ምስክርነቶችን አሰባስቦ ለኢትዮጵያው ጨዋታ ቦታ ሰጥቶታል። እቴጌ ጣይቱም በገና ከመደርደርና ቅኔ ከማወቅ ጋር ሰንጠረዥ መጫወታቸው ይነገርላቸዋል፤ ይህም ጨዋታው በወንዶች አዳራሽ ብቻ ተወስኖ እንዳልነበረ ያስረዳል። ከ1935–36ቱ የጣሊያን ወረራ በኋላ ግን ጨዋታውን ያኖረው የመሳፍንት ቤት ሥርዓት ተናጋ፤ አዳራሹ ሲፈታ፣ አሽከሩና ባለሟሉ ሲበተን፣ ሰንጠረዥም አብሮ ደበዘዘ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የጨዋታውን ታሪክና ደንብ ሰብስበው ሲያሳትሙ የሚጽፉት ሊጠፋ ስለተቃረበ ነገር ነበር። ለዚህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ ተመራማሪ ሁሉ ባለ ዕዳ ነው።

ነገሥታቱና መሳፍንቱ በስም የተጠቀሱት በማዕረጋቸው ነው። አንድም ሰው በሰንጠረዥ ችሎታው ብቻ ስሙ ተጽፎ ለትውልድ አልተላለፈም። የዚህ ምክንያት ሥርዓቱ በማዕረግ የተያዘ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱ በጨዋታው ደንብ ውስጥም አለ። በዛሬው ቼዝ እያንዳንዱ እርምጃ ተራ ቁጥር ስላለው በፊደልና በአኃዝ ይመዘገባል፤ ቤቶቹ በአንድ ወገን ከሀ እስከ ሸ እንደሚባል ያህል በላቲን ፊደላት፣ በሌላው ወገን ከ1 እስከ 8 ይጠራሉ፣ ስለዚህ ከ100 ዓመት በፊት የተደረገ ጨዋታ ዛሬ በማንኛውም ገበታ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊደገም ይችላል። በወረራ ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ስለሚንቀሳቀሱ ቀዳሚና ተከታይ የለም፣ ቀዳሚና ተከታይ የሌለው ነገር ደግሞ በዚህ ዓይነት መዝገብ አይያዝም። በዙሪያው የቆመው ሰው ሁሉ ጠጠር የሚያነሣበት ጨዋታም ባለቤቱ አንድ ሰው አይደለም። ዓለም አቀፉ ቼዝ ተጫዋች የነካውን ጠጠር እንዲያንቀሳቅስ ያስገድዳል፣ ከውጭ ምክር መቀበልንም ይከለክላል፤ ይህ ሁሉ ጥብቅነት ጨዋታውን የአንድ ስም ሥራ ለማድረግ የተዘጋጀ ነው። ሰንጠረዥ የአዳራሹ ሁሉ ነበረ። በዚያ ረገድ ያጣው እንዳለ ሁሉ ያተረፈውም አለ፣ ሆኖም ሻምፒዮን የሚባል ነገር ከእንዲህ ያለው አፈር አይበቅልም።

የራሱን የጥንት ደንብ ይዞ ያደገ ተጫዋች ወደ ዓለም መዝገብ ሲገባ ምን እንደሚሆን በህንዳዊው ሱልጣን ካን ሕይወት ታይቷል። በ1903 በፑንጃብ የተወለደው ሱልጣን ካን ያደገው በህንድ ደንብ ሲጫወት ነው፤ በዚያ ደንብም እንደ ሰንጠረዥ ሁሉ መደቅ በመጀመሪያ እርምጃው ሁለት ቤት አይሄድም ነበር። የአንድ ባለ ርስት ሹም አገልጋይ ሆኖ ሳለ የአውሮፓውን ደንብ ወጣት ከሆነ በኋላ ተማረ፣ ከጌታው ጋር ወደ እንግሊዝ ሄዶም በ1929፣ በ1932 እና በ1933 የብሪታንያ ሻምፒዮን ሆነ፣ የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ካፓብላንካን እንኳ ረታ። ጌታው ወደ አገሩ ሲመለስ እሱም አብሮ ተመለሰ፣ የዓለም ቼዝም ከዚያ በኋላ አላየውም። በ1966 ያረፈው ይህ ሰው ከቼዝ ማዕረጎች ሁሉ የበላይ የሆነውን የግራንድማስተርነት ማዕረግ በክብር ያገኘው በ2024፣ ከሞተ ከ58 ዓመት በኋላ ነው። በራስ ወልደ ሥላሴ አዳራሽ እጁን ዘርግቶ ጠጠር ያነሣ የነበረው አገልጋይ እና ሱልጣን ካን የሚለያዩት፣ አንዱ ስሙ በሚጻፍበት ውድድር የመቀመጥ ዕድል ለአምስት ዓመት ያህል ስላገኘ ነው።

ህንድ ከዚያ በኋላ የሄደችው መንገድ የመሰላልን ሥራ በግልጽ ያሳያል። በ1961 ማኑኤል አሮን የመጀመሪያው ህንዳዊ ዓለም አቀፍ ማስተር ሆነ፤ ይህ ከግራንድማስተር አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ማዕረግ ነው። የማድራስ ከተማ ልጅ ቪስዋናታን አናንድ፣ በከተማይቱ በነበረው የሶቪየት የባህል ማዕከል የቼዝ ክበብ ውስጥ እየተጫወተ አድጎ፣ በ1988 የመጀመሪያው ህንዳዊ ግራንድማስተር ሆነ፣ በኋላም የዓለም ሻምፒዮንነትን ተቀዳጀ። ዛሬ ቼናይ በምትባለው በዚያችው ከተማ በግንቦት 2006 የተወለደው ጉኬሽ ዶማራጁ ጨዋታውን በ7 ዓመቱ ጀመረ፣ በ12 ዓመት ከ7 ወሩ ግራንድማስተር ሆነ፣ ሐኪም የሆነው አባቱ ሥራውን ትቶ ከውድድር ወደ ውድድር አብሮት ዞረ፣ በታኅሣሥ 12 ቀን 2024 ደግሞ ሲንጋፖር ላይ የቻይናውን ዲንግ ሊረንን በ14ኛው ጨዋታ አሸንፎ፣ 7 ነጥብ ተኩል ለ6 ነጥብ ተኩል በሆነ ውጤት፣ በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከእሱ በፊት በልጅነት ሻምፒዮንነት የሚጠቀሰው ጋሪ ካስፓሮቭ በ1985 ዘውዱን ሲጭን 22 ዓመቱ ነበር። የጉኬሽ ታሪክ ሲነገር አድናቆቱ ሁሉ ወደ ልጁ አእምሮ ያደላል፤ ነገር ግን ከአሮን እስከ አናንድ 27 ዓመት፣ ከአናንድ ግራንድማስተርነት እስከ ጉኬሽ ዘውድ 36 ዓመት ፈጅቷል፣ በእነዚህ ዓመታት መካከል የተደረጉት በሺህ የሚቆጠሩ፣ ማንም የማያስታውሳቸው የወረዳና የትምህርት ቤት ውድድሮች ልጁን የወለደችውን ያህል እናት ናቸው።

መሰላሉ በምን እንደተሠራ ማስረዳት ያስፈልጋል። በ1924 በፓሪስ የተመሠረተው የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን፣ በአጭር ስሙ ፊዴ፣ ከ1970 ጀምሮ የሚጠቀምበት የነጥብ ሥርዓት በሃንጋሪ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው የፊዚክስ መምህር አርፓድ ኢሎ የቀመረው ሲሆን፣ በስሙ «ኢሎ» ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የሁለት ተጫዋቾች የነጥብ ልዩነት የማሸነፍ ዕድላቸውን ይናገራል፣ ከተጠበቀው በላይ ያስመዘገበ ነጥብ ያገኛል፣ በታች የሆነ ያጣል። 1500 ነጥብ ያለው አዳጊ ልጅ 1700 ካለው ሰው ጋር ሲቀመጥ ከአንድ ጨዋታ የሚጠበቅበት 0.24 ብቻ ነው፤ ቢያሸንፍ፣ ለአዳጊዎች በሚሠራበት በ40 ማባዣ፣ በአንድ ቀን ወደ 30 ነጥብ ይጨምራል። ግራንድማስተር ለመሆን 2500 ነጥብ መድረስና «ኖርም» የሚባለውን፣ ማለትም ጠንካራ ባላጋራዎች በተገኙበት ውድድር የሚመዘገብ ከፍተኛ ውጤት፣ ደግሞ ደጋግሞ ማግኘት ግድ ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ የከበደ አንድ ነገር አለ። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ ምስክሩ ሰዓቱ ነበር፤ ሯጭ ብቻውን በተራራ ላይ ቢለማመድ እንኳ ሰዓት በእጁ የያዘ አንድ አሠልጣኝ ችሎታውን ለዓለም ሊያስረዳለት ይችላል። የቼዝ ልጅ ግን ብቻውን አይለካም። የመጀመሪያውን የኢሎ ነጥብ ለማግኘት ነጥብ ካላቸው ሰዎች ጋር ቢያንስ 5 ጨዋታ መጫወት አለበት፣ ከዚያም ለማደግ ከእሱ የሚበልጡ ሰዎች ያስፈልጉታል፣ የሚበልጡት ሰዎች ደግሞ ባሉበት አገር ብቻ እርስ በርስ ሲጫወቱ ከኖሩ ነጥባቸው ከውጭው ዓለም ጋር አልተመዘነም፤ ጥቂት ሰዎች በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ውሃ እየተቀዳዱ እንደ መኖር ነው። ኢትዮጵያ የፊዴ አባል ናት፣ በቼዝ ኦሊምፒያድም ቡድኗን ልካለች፣ ግራንድማስተር ግን እስካሁን አላወጣችም። በአፍሪካ ቱኒዚያዊው ስሊም ቡአዚዝ በ1993 መንገዱን ከፈተ፣ ከሰሐራ በስተደቡብ ደግሞ ዛምቢያዊው አሞን ሲሙቶዌ በ2009 ማዕረጉን ያዘ። ከካምፓላ ድሃ ሰፈር ከካትዌ የወጣችው ፊዮና ሙቴሲም በ2010 በሩሲያ በተደረገው ኦሊምፒያድ አገሯን ወክላ ስትቀመጥ፣ ከእሷ በስተጀርባ ለልጆች ገንፎ እያበላ ቼዝ ያስተማረ ሮበርት ካቴንዴ የሚባል አንድ አሠልጣኝ ነበር።

ኮልፌ ቀራንዮ ከዚህ መዝገብ ውጭ ያለ፣ ነገር ግን ልጅ የሞላበት አካባቢ ነው። ከስሙ ሁለተኛው ክፍል ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የመጣ ሲሆን፣ ክፍለ ከተማው ከመርካቶ በስተምዕራብ ተዘርግቶ ከአጠና ተራ እስከ ቤተል፣ ዓለም ባንክና አየር ጤና ይደርሳል። በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ428 ሺህ በላይ ነዋሪ ተቆጥሮበት በዚያን ጊዜ ከነበሩት አሥር ክፍለ ከተሞች ሁሉ ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት ሆኗል። በዓለም ታሪክ ኮልፌ የሚነሣው በእንግዳው ነው፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው በኮልፌ የፖሊስ ማሠልጠኛ ነበር፣ በኋላም በሮበን ደሴት እስር ቤት ከጓደኞቹ ጋር ዳማ ይጫወት ነበር። የኮልፌ የራሷ ልጆች ዳማ ግን እስካሁን የታሪክ ጸሐፊ አላገኘም።

ዳማ የሰንጠረዥ ወንድም ነው፤ በ64 ቤት ላይ በእያንዳንዱ ወገን በ12 ጠጠር የሚደረግ፣ በጥግ እየዘለሉ የሚማርኩበት ጨዋታ ሲሆን፣ ሰንጠረዥ የዝሆን ጥርስ ሲፈልግ ዳማ የሚፈልገው ቆርኪ ብቻ ነው። የብስኩት ካርቶን ይቀደዳል፣ በማስመሪያ ስምንት በስምንት ይሰመራል፣ ግማሹ ቤት በእስክሪብቶ ይጠቁራል፤ ከመጠጥ ቤት ደጃፍ የተለቀሙት ቆርኪዎች የአንዱ ወገን በጀርባቸው፣ የሌላው ወገን በፊታቸው ይደረደራሉ፣ በዚህም የሁለቱ ሠራዊት ልዩነት ይታወቃል። ካርቶኑ የሚቀመጠው በሊስትሮ ሣጥን ወይም በተገለበጠ ሣጥን ላይ ነው። ተጫዋቾቹ ሁለት ይሁኑ እንጂ ዙሪያውን የሚቆሙት ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች፣ ረዳቶች፣ ከትምህርት ቤት የተመለሱ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ይናገራል፣ አንዳንዱም እጁን ሰድዶ ቆርኪውን ወደ ሌላ ቤት ይገፋል፣ የማረከውም የተማረከውን ቆርኪ በኃይል አንኳኩቶ ያነሣዋል። ሶልት በ1805 በእንደርታ አዳራሽ ያየው ጫጫታ፣ ከዝሆን ጥርሱና ከራስነት ማዕረግ በቀር፣ ሳይጎድል በዚህ ካርቶን ዙሪያ ይሰማል፤ አንድ የተለየ ነገር ቢኖር፣ በዚህ ካርቶን ላይ ማንም ለማንም ብሎ አይሸነፍም፣ የ12 ዓመት ልጅ የ40 ዓመቱን ሹፌር በአደባባይ ይረታዋል፣ ሹፌሩም እንደገና እንዲቀመጥ ይጠይቀዋል።

ከዚህ ካርቶን እስከ ኢሎ መዝገብ ያለው ርቀት በአእምሮ ሲለካ አጭር ነው፤ አራትና አምስት እርምጃ ወደ ፊት ማስላትን፣ ትንሹን ሰጥቶ ትልቁን መውሰድን፣ የባላጋራን ፊት ማንበብን ልጁ አስቀድሞ ያውቀዋል። የሚያስፈልጉት ነገሮች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ስድስት ዓይነት ጠጠር ያለው ሙሉ የቼዝ መጫወቻ፣ የሁለቱን ጊዜ ለየብቻ የሚቆጥር ሰዓት፣ ደንብ የሚያውቅ ዳኛ፣ ነጥብ ያላቸው አምስት ባላጋራዎች፣ እርምጃውን የሚጽፍበት ወረቀት። ከእነዚህ ውስጥ ከወረቀቱ በቀር አንዱም በአጠና ተራ የሊስትሮ ሣጥን አጠገብ አይገኝም።

ሲመሽ ቆርኪዎቹ በፌስታል ይታሠራሉ፣ ካርቶኑ በመካከሉ ታጥፎ ከሣጥኑ ሥር ይገባል። የአሸናፊው ስም የትም አይጻፍም፤ በማግስቱ ግን ካርቶኑ እንደገና ሲዘረጋ፣ ትናንት ማን ማንን ስንት ለስንት እንደረታ፣ በየትኛው ቤት ላይ እንደ ተያዘ፣ ከከበቡት መካከል የሚረሳ የለም።